አባትሽ አላስመሰሉም

የደረሰኝ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። አባቴ 61 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ባለፈው ዓመት በጂቡቲ መንገድ ላይ መኪናው ተገለበጠ። ክንዱ ተሰብሮ፣ የጎን አጥንቱ ተሰንጥቆ፣ ረዳቱን ከጋቢና ጎትቶ ያወጣው እሱ ነው። አስፋልት ዳር ተቀምጦ ለእኛ የደወለውም እሱ ራሱ ነው። ድምፁ ደህና ነበር። ‹አይዟችሁ፣ ምንም አልሆንኩም› አለን። ሕመሙ የጀመረው ከሰዓታት በኋላ ሆስፒታል ገብቶ ነው። አሁን አጥንቱ ድኗል ተብሏል። ትከሻውና ወገቡ ግን እንቅልፍ ይነሱታል። ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ታዞለት ትንሽ ጊዜ ወሰደ፤ ከዚያ ‹ሱስ ይሆንብኛል› ብሎ በራሱ አቆመ። ወንድሜ ደግሞ ‹በአደጋው ቀን ያላመመው ሰው አሁን ምን ሆኖ ነው?› ይላል። አንድ ምሽት የቫይታሚን ክኒን ‹ከውጭ የመጣ ኃይለኛ ማስታገሻ ነው› ብሎ ሰጠው። አባዬ ያን ሌሊት ተኛ። በማግስቱም ደህና ዋለ። ወንድሜ ይህን እራት ላይ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተናገረ። ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባዬ አንድ ጊዜም አመመኝ ብሎ አያውቅም። ከክፍሉም ብዙ አይወጣም። ሰውነት የራሱ ሞርፊን አለው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው? ቴሌግራም ላይ ‹የኢንዶርፊን ክኒን› የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ፤ ልግዛለት? ከሁሉም በላይ ግን ይህን ይንገሩኝ፤ አባቴ እያስመሰለ ነበር? የአባቷ ልጅ፣ ከአዳማ።»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። አላስመሰሉም። በአደጋው ቀን ሕመም አለመሰማቱ እውነት ነው። አሁን የሚሰማቸው ሕመም እውነት ነው። በቫይታሚኗ መሻላቸውም እውነት ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ማመን ለወንድምሽ ከብዶታል። በዚህ አልፈርድበትም፤ ለብዙ ሰው ይከብዳል። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ «ቆይ ግን እውነት ያመዋል ወይስ...» ብሎ በሹክሹክታ የሚጠይቀኝ ቤተሰብ ብዙ ነው። ሦስቱም ነገር የሚነሳው ከአንድ ቦታ ነው። እሱን ቀስ ብለን እንየው። ከቻልሽ ይህን መልስ ለወንድምሽ አንብቢለት።

አዎ፣ ሰውነት የራሱ ሞርፊን አለው። በትክክል ለመናገር ሞርፊን አይደለም፤ የሞርፊንን ሥራ የሚሠሩ ትንንሽ የፕሮቲን ቁርጥራጮች ናቸው። ፔፕታይድ ይባላሉ። ዋናዎቹ ቤተሰቦች ኢንዶርፊን፣ ኢንኬፋሊንና ዳይኖርፊን ናቸው። አንጎል ውስጥ፣ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ፣ እንዲሁም ከአንጎል ሥር በተንጠለጠለችው ፒቱታሪ ዕጢ ውስጥ ይገኛሉ። ዕጢዋ የአተር ፍሬ ብታክል ነው።

እንዴት እንደተገኙ ልንገርሽ፤ ኋላ ለአባትሽ ጉዳይ ይጠቅመናል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የኦፒየም ተክል ጭማቂ ሕመም እንደሚያስታግስ የሰው ልጅ ከሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ ያውቃል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፍሪድሪክ ሰርቱርነር የተባለ ወጣት ጀርመናዊ የመድኃኒት ቀማሚ ከጭማቂው ውስጥ ሞርፊንን ለይቶ አወጣ። ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሳይመለስ ቆየ። ከተክል የወጣን ነገር ከሰው አንጎል ጋር ምን አገናኘው? በጥቂት መጠን ይህን ያህል የሚሠራ መድኃኒት ሕዋሳት ላይ ልክ የሚገጥምበት ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ ቁልፍ ለጓጉንቸሩ እንደሚገጥም። ጓጉንቸሩ በ1973 ተገኘ። ባልቲሞር ላይ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ካንዴስ ፐርት እና ሶሎሞን ስናይደር፣ ኒው ዮርክ ላይ ኤሪክ ሳይመን፣ ስዊድን ኡፕሳላ ላይ ላርስ ቴሬኒየስ፣ ሁሉም በዚያው ዓመት አሳዩት። ፐርት ያኔ ገና የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። በ1978 ለዚህ መስክ ላስከር የተባለው ትልቅ የሕክምና ሽልማት ሲሰጥ የሷ ስም ቀረ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጓጉንቸሩ ካለ ቁልፉም ሰውነት ውስጥ መኖር አለበት። ተፈጥሮ ለተክል ጭማቂ ብላ ጓጉንቸር አትሠራም። በ1975 ስኮትላንድ፣ አበርዲን ከተማ ውስጥ ጆን ሂዩዝ እና ሃንስ ኮስተርሊትዝ አገኙት። ኮስተርሊትዝ ከናዚ ጀርመን የተሰደደ ሰው ነው። ያኔ 70 ዓመት አልፎታል፤ ሌላው ሰው ጡረታ ወጥቶ በሚያርፍበት ዕድሜ ማለት ነው። ሥራው ትዕግሥት የሚፈታተን ነበር። የአሳማ አንጎል ከቄራ ይመጣል። ይፈጫል፣ ይጣራል። የወጣው ፈሳሽ በኤሌክትሪክ እየተነካ በሚኮማተር የእንስሳ ሥጋ ቁራጭ ላይ ይሞከራል። ሞርፊን ሲጨመርበት የቁራጩ መኮማተር ይቀንሳል። ከአንጎል የወጣው ፈሳሽም እንደዚያው አደረገ። ቀጥለው ናሎክሶን ጨመሩ። ናሎክሶን ሞርፊንን ከቦታው አስለቅቆ ሥራውን የሚያቆም መድኃኒት ነው። ዛሬ እንደ ሄሮይን ያለ ነገር ከመጠን በላይ ወስደው ትንፋሻቸው ሊቆም የደረሰ ሰዎች የሚተርፉት በሱ ነው። ናሎክሶን ሲገባ የአንጎሉ ፈሳሽም ሥራውን አቆመ። ውስጡ ሁለት ፔፕታይዶች ተገኙ፤ እያንዳንዳቸው አምስት አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ቅንጣቶች) ብቻ ያላቸው። ኢንኬፋሊን ተባሉ። ናሎክሶንን እንዳትረሺው፤ ኋላ ላይ ለአባትሽ የሚመሰክርላቸው እሱ ነው።

በዓመቱ ታሪኩ ወደ ግመል ዞረ። ቻይና ተወልዶ ካሊፎርኒያ ይሠራ የነበረው ቾ ሃኦ ሊ ቀደም ሲል ከበግ ፒቱታሪ ዕጢ ሊፖትሮፒን የሚባል ሆርሞን አውጥቶ ነበር። 91 አሚኖ አሲድ ያለው ነው። በ1976 ከግመል ፒቱታሪ የወጣውን መርምሮ ያሳወቀው ግን የዚያን ሆርሞን የመጨረሻ ክፍል ነው፤ 31 አሚኖ አሲድ። ያ ቁራጭ እንደ ሞርፊን ይሠራል። ቤታ-ኢንዶርፊን የሚባለው እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት አሚኖ አሲዶቹም ከአበርዲኑ ኢንኬፋሊን ከአንዱ ጋር ፍጹም አንድ ናቸው። ዳይኖርፊን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለ። እሱ ለየት ይላል፤ ብዙ ጊዜ ስሜትን የሚያከፋ እንጂ የሚያስደስት አይደለም። «ኢንዶርፊን ማለት ደስታ ነው» የሚለው የማኅበራዊ ሚዲያ ወሬ የማይመቸኝ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ወደ አባትሽ እንምጣ። መኪናው ሲገለበጥ ፒቱታሪ ዕጢያቸው ወዲያው ሥራ ጀምራለች። ዕጢዋ ውስጥ አንድ ትልቅ ፕሮቲን አለ፤ ሲቆራረጥ ብዙ ነገር ይወጣዋል። አንዱ ቁራጭ ከኩላሊት በላይ ያሉትን ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን አመንጩ ብሎ የሚያዝ ሆርሞን ነው። ሌላው ቁራጭ ቤታ-ኢንዶርፊን ነው። አስቢው፤ የጭንቀቱ ትእዛዝ እና የሕመም ማስታገሻው ከአንድ እናት ይወለዳሉ። ይህን ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

ከፒቱታሪ ወደ ደም የሚገባው ኢንዶርፊን ግን ወደ አንጎል እንደልቡ ተመልሶ አይገባም። በአንጎልና በደም ሥሮች መካከል ጥብቅ መከላከያ አለ። ዋናውን የሕመም ሥራ የሚሠራው አንጎል እዚያው ለራሱ የሚያመነጨው ነው። ከመካከለኛው አንጎል ትእዛዝ በሕብለ ሰረሰር በኩል ወደ ታች ይወርዳል። ከተሰበረው ክንድ የሚመጣው የሕመም መልእክት ሕብለ ሰረሰር ጋ ሲደርስ እዚያ ያሉት ኢንኬፋሊኖች ይቀንሱታል። ኖራድሬናሊን የሚባለው ሌላ የአንጎል ኬሚካልም ያግዛቸዋል። አጥንቱ ተሰብሯል፤ መልእክቱም ተልኳል፤ አንጎል ጋ የደረሰው ግን ጥቂቱ ነው። አባትሽ ረዳታቸውን ጎትተው ያወጡት በዚያች ጊዜ ውስጥ ነው። ያ ልጅ ዛሬ በሕይወት ያለው በአባትሽ ወኔ ነው፤ ወኔያቸውን ደግሞ ሰውነታቸው አገዘው።

ይህ የሳቸው ብቻ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሄንሪ ቢቸር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ጣሊያን ግንባር ላይ ከባድ ቁስለኞችን ይጠይቅ ነበር። ሕመምህ ማስታገሻ የሚያስፈልገው ነው ወይ ብሎ። ከአራቱ ሦስቱ ያህል አያስፈልገኝም አሉ። ይህን በ1946 አሳተመው። ሰዎቹ ደንዝዘው እንዳልነበረም አስተውሏል፤ መርፌ በደንብ ያልገባላቸው እንደማንኛውም ሰው ይጮሁ ነበር። ቢቸር ምክንያቱን ከስሜት ጋር አያያዘው፤ ቁስሉ ለወታደሩ ከጦርነቱ መውጫ ስለሆነ ነው ብሎ። የኬሚስትሪው ነገር ያኔ ገና አልታወቀም። እኛ አገርም ኳስ ሜዳ ላይ የወደቀ ልጅ ተነስቶ ሲጫወት «አሁን ትኩስ ስለሆነ ነው፤ ሲበርድ ይሰማሃል» ይባላል። አዋቂዎቻችን ልክ ናቸው። ይበርዳል። ከሰዓታት በኋላ ያ ሁሉ ይረግባል። ሕመሙ ይመጣል፤ መምጣቱም ጥሩ ነው፤ የተሰበረን ክንድ እንዳትነካካው የሚያደርግሽ እሱ ነው።

ስለዚህ «ያኔ ያላመመው አሁን እንዴት?» ለሚለው መልሱ ይህ ነው። ያኔ የነበረው ማስታገሻ የጥቂት ሰዓት ነው። የአሁኑ ሕመም ሌላ ጉዳይ ነው። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም ሥር የሰደደ ሕመም ይባላል። አጥንት ከዳነም በኋላ ሕመም የሚያስተላልፉት ነርቮች በትንሽ ነገር የሚቆጡ ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ። በራጅ አይታይም። አለመታየቱ ግን የለም ማለት አይደለም።

ወደ ቫይታሚኗ ልምጣ፤ ልቤን የነካው እሱ ነው። ወንድምሽ «ቫይታሚን ካሻለው ሕመሙ የውሸት ነበር» ብሎ ደመደመ። በ1978 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ጆን ሌቪን፣ ኒውተን ጎርደን እና ሃዋርድ ፊልድስ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙትን ልንገረው። ጥርስ ያስነቀሉ ሰዎችን ነው ያጠኑት። ጥርስ ማስነቀል እንደሚያም ማንም አይጠራጠርም፤ የውሸት ሕመም አይደለም። ምንም መድኃኒት የሌለበት ነገር ተሰጣቸው፤ ፕላሴቦ የሚባለው። የተወሰኑት ሕመማቸው ቀለለ። ከዚያ ናሎክሶን ሲሰጣቸው የቀለለው ሕመም ተመለሰ።

ቆም ብለሽ አስቢው። ናሎክሶን የሞርፊን ዓይነቶችን ሥራ የሚያቆም ነው። ሰዎቹ ደግሞ ሞርፊን አልወሰዱም። ታዲያ ናሎክሶን ያቆመው ምንን ነው? የራሳቸውን ነው። ማስታገሻ ወሰድኩ ብሎ ማመን አንጎላቸው የራሱን ማስታገሻ እንዲለቅ አድርጎት ነበር። በ2005 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአንጎል ምስል በሚያነሳ መሣሪያ አዩት፤ ፕላሴቦ ሲሰጥ የአንጎል የራሱ ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን የሚሠራ ነገር ሁሉ የሚጠራበት ስም ነው) በነዚያ ጓጉንቸሮች ላይ ሲሠራ ታየ። እንግዲህ አባትሽ ያን ሌሊት የተኙት ሕመማቸው የውሸት ስለሆነ አይደለም። ልጃቸው በእጁ ክኒን ይዞ መጣ። «ይህ ያሽልሃል» አላቸው። አመኑት። አንጎላቸው የቻለውን ሰጣቸው። የተሻላቸው ልጃቸውን ስላመኑ ነው። የተሳቀባቸውም በዚያው እምነታቸው ነው። ለዚህ ነው ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ያነበብኩት።

ሌላም አለ። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ፋብሪዚዮ ቤኔዴቲ ሕመምተኞች ማስታገሻ ሲሰጣቸው እያዩ እና ሳያዩ ያለውን ልዩነት አጥንቷል። ሐኪሙ አልጋው ጋ ቆሞ «አሁን ማስታገሻ እየሰጠሁህ ነው» ሲል መድኃኒቱ የበለጠ ይሠራል። በድብቅ በማሽን ሲሰጥ ያው መድኃኒት ያነሰ ይሠራል። ተቃራኒውንም አሳይቷል። «አሁን ይብስብሃል» የተባለ ሰው ሕመሙ በእውነት ይጨምራል፤ ኮሌሲስቶካይኒን የሚባል፣ የኦፒዮይዶቹን ሥራ የሚጻረር ሌላ ፔፕታይድ ይሠራል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ለታመመ ሰው የምንናገረው ነገር ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አባትሽ ክፍላቸው ዘግተው ሲቀመጡ ሕመማቸው የቀለለ እንዳይመስላችሁ። ዝም ነው ያሉት።

ታዲያ ቫይታሚኑን እያታለልን እንቀጥልበት ወይ? አይሆንም። መጀመሪያ ነገር ክኒኗ ሕመሙን እንጂ መነሻውን አትነካም፤ ከሥሩ ሌላ ነገር ቢኖር ይሸፈናል። ሁለተኛ፣ አንዴ የተታለለ ሰው ቀጥሎ የሚሰጡትን እውነተኛ መድኃኒትም በጥርጣሬ ነው የሚውጠው። ይህ ደግሞ ከላይ እንዳየነው የመድኃኒቱን ጉልበት ራሱ ይቀንሰዋል።

የቴሌግራሙን ክኒን አትግዢ። ገንዘብሽን ብቻ ትከስሪያለሽ። ኢንዶርፊን ፔፕታይድ ነው አልኩሽ፤ የፕሮቲን ቁራጭ። በአፍ ቢዋጥ ሆድ እንደ ማንኛውም የሥጋ ቁራጭ ይፈጨዋል። ተርፎ ደም ውስጥ ቢገባ እንኳ ኢንዛይሞች ያፈርሱታል፤ ኢንኬፋሊን በተለይ ደም ውስጥ የሚቆየው በጣም ለአጭር ጊዜ ነው። ከዚያም ያ የአንጎል መከላከያ ይጠብቀዋል። ኢንዶርፊንን በክኒን መልክ የሚሸጥ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ይዋሻል። የሚያስፈራኝ ሦስተኛ ነገርም አለ። ምንነቱ ያልተጻፈ ክኒን በእውነት ሕመም ቢያስታግስ ውስጡ ሌላ፣ ያልተነገረሽ መድኃኒት ሊኖር ይችላል። 61 ዓመት ለሆናቸው ሰው ይህን አትስጪ።

ለወንድምሽ ምን ልበለው ብለሽ አልጠየቅሽኝም። እኔ ግን ዋናው ሕክምና ከዚያ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ። ብቻውን አግኝተሽ አነጋግሪው፤ ሰው ፊት አይሁን፤ እሱም ተዋርዶ እንዳይከራከር። የጥርሱን ጥናት ንገሪው። ክፉ ልጅ አይመስለኝም፤ አባቱ ሲሰቃይ ማየት ያቃተው ሰው አንዳንድ ጊዜ ሕመሙን መካድ ይቀለዋል። ከዚያ ወደ አባቱ ይግባ። እንደ አገራችን ወግ ጉልበታቸውን ስሞ ይቅርታ ይጠይቅ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «አባዬ፣ ሕመምህ እውነት እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ ነው። የሳቅኩት ልክ አልነበረም» ቢል ይበቃል። ብቻውን መግባት ከከበደው እናታችሁ ወይም አንድ አጎት አብረውት ይግቡ። ከዚያ እራት ላይ ሰው ሁሉ የሰማውን ሰው ሁሉ ባለበት ያስተካክለው። ይህን ክፍል አታስቀሩት። የተሳቀው በአደባባይ ነው።

የሰውነትን የራሱን ማስታገሻ ለመቀስቀስ የሚረዱ ነገሮች አሉ ወይ? አሉ፤ ግን የተጋነነ ነገር እንዳልነግርሽ እጠነቀቃለሁ። ስለ ሩጫ ብዙ ይወራል። በ2008 ሙኒክ ላይ ሁለት ሰዓት የሮጡ ሰዎች አንጎል ሲታይ ኦፒዮይድ መለቀቁ ታይቷል። በ2021 የታተመ ሌላ የጀርመን ጥናት ደግሞ ኦፒዮይዱን የሚዘጋ መድኃኒት ለሯጮች ሰጥቶ የሩጫው ደስታ እንዳልጠፋ አይቷል። ስለዚህ የሯጮች ደስታ የኢንዶርፊን ብቻ አይደለም፤ ካናቢስ ከሚሠራባቸው ጓጉንቸሮች ጋር የሚገጥሙ የሰውነት ኬሚካሎችም አሉበት። አባትሽ ደግሞ ሁለት ሰዓት አይሮጡም። ለሳቸው የሚሆነው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳየው እንቅስቃሴ እና በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መራመድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ቢቆጠቁጣቸውም ጉዳት እየደረሰ ነው ማለት እንዳልሆነ ባለሙያው ያስረዳቸው።

እኔ የበለጠ ተስፋ የማደርገው በሰው ነው። ኦክስፎርድ ላይ የቀዘፋ ስፖርተኞች በቡድን ሆነው ሲለማመዱ ሕመም የመቻል አቅማቸው ብቻቸውን ከተለማመዱበት ቀን ይበልጥ ጨምሮ ተገኝቷል። ድካሙ ያው ነው፤ ልዩነቱ አብሮ መሆኑ ነው። በ2017 ፊንላንድ ቱርኩ ላይ ደግሞ ሰዎች ከጓደኞቻቸው ጋር አብረው ሲስቁ አንጎላቸው ኦፒዮይድ ሲለቅ በምስል ታይቷል። አብሮ መሳቅ ነው፤ በሰው ላይ መሳቅ አይደለም። አባትሽ የሹፌር ጓደኞች ሳይኖሯቸው አይቀርም። 30 ዓመት መንገድ ላይ የኖረ ሰው የሚያወራው ነገር አያልቅበትም። ደውይላቸው፤ ቅዳሜ ቡና ይጠጡ። ያ ረዳታቸውም ይምጣ። እሱ አደጋውን በዓይኑ ያየ ሰው ነው፤ አባትሽ በዚያ ሰዓት ምን እንዳደረጉ ቤተሰቡ ከሱ አፍ ይስማ።

ጫት የሚል ሰው ካለ አትቀበሉት፤ ሌላ መንገድ ነው ያለው፤ የሚያነቃቃ እንጂ ሕመም የሚያክም አይደለም። እንቅልፍ ለሌለው ሰውማ ጭራሽ።

የቀረው ትራማዶል ነው። ሱስን መፍራታቸው ትክክል ነው፤ አትንቀፏቸው። ትራማዶል በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሰጠው በምክንያት ነው። የሚሠራው በከፊል በነዚያው ጓጉንቸሮች ላይ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ አንጎል የራሱን ፔፕታይድ የሚለቀው በሚያስፈልግበት ቦታ፣ በጥቂቱ ነው፤ ወዲያውም ያፈርሰዋል። ክኒን ግን ጓጉንቸሩ ያለበትን ቦታ ሁሉ ለሰዓታት ይይዛል። አንጀት ላይም ስላለ ያደርቃል። ጊዜ ሲረዝም ሰውነት ይለምደዋል፤ ያው መጠን አልበቃ ይላል። በሌላ በኩል ለአጭር ጊዜ፣ በታዘዘው መጠን፣ በሐኪም ክትትል የወሰደ ሰው ሁሉ ሱሰኛ አይሆንም። ሳቸው ካቆሙት ቆይተዋልና አሁን በራሳቸው መልሰው እንዳይጀምሩት። ቤት የቀረ ካለም ከመጠጥ፣ ከእንቅልፍ መድኃኒትና ከድብርት መድኃኒት ጋር እንዳይቀላቀል፤ የሚጥል በሽታ ያለበትም ሰው ያለ ሐኪም እንዳይነካው። ለሌላ የቤተሰብ አባልም አይሰጥ። ሥር ለሰደደ ሕመም ከኦፒዮይድ ውጭ የሆኑ ሌሎች መድኃኒቶችም አሉ፤ የነርቭ ሕመምን የሚያበርዱ ጭምር። የትኛው ለሳቸው እንደሚሆን የሚወስነው የመረመራቸው ሐኪም ነው።

ስለዚህ እንደገና ሐኪም ጋ ውሰጃቸው፤ የአጥንት ወይም የነርቭ ሐኪም ቢሆን ጥሩ ነው። እግራቸው ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃታቸው፣ ከወገቡ ሕመም ጋር ትኩሳት ካለ ወይም ያለምክንያት ከከሱ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ሕመሙ የሚብሰው መቼ እንደሆነ፣ ምን ሲያደርጉ እንደሚቀል፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚቀሰቅሳቸው ጻፉ። ትራማዶልን በምን መጠን እንደወሰዱና መቼ እንዳቆሙ ሳትደብቁ ተናገሩ። ስለ ቫይታሚኗም ንገሩት፤ ለሐኪሙ ጠቃሚ መረጃ ነው። ወንድምሽ አብሮ ቢገባ ደስ ይለኛል። ሐኪሙ ሲጠይቅ ግን አባትሽ ራሳቸው ይመልሱ። አታቋርጧቸው።